አረንጓዴዋ ነጥብ

ወንድሜ ከሞተ በኋላም በየጠዋቱ ይመጣ ነበር።

የሚመጣው በእናቴ ኮምፒውተር ላይ ነው። ከስሙ ጎን ያለችው ግራጫ ነጥብ ድንገት አረንጓዴ ትሆናለች፤ ኮምፒውተሩም ባልዲ ውስጥ ጠብ የምትል ውሃ የመሰለች ድምፅ ያሰማል። እናቴ ያቺን ድምፅ ስትሰማ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አንስታ ዘወር ትላለች። ክፍሉ ጸጥ ይላል። እኔም ዳቦዬን እንደጎረስኩ ማኘኬን አቆማለሁ። ማን እንደመጣ አውቃለሁ፤ ጋሼ ነው።

መሞቱን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ አልፈራሁም። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። ይመጣል፣ ግን አይደውልም። እናቴም አትደውልለትም። ነጥቧን አፍጥጣ ታያታለች፣ ታያታለች፣ ጨርቁን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ትቀራለች። ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ እናቴና ወንድሜ ተኳርፈዋል።

ኩርፊያን ደግሞ አሳምሬ አውቃለሁ። በቤታችን የኩርፊያ ባለሙያ እኔ ነበርኩ። ሳኮርፍ ርቄ አልሄድም፤ ከበሩ ኋላ እገባና እግሬ እንዲታይ አድርጌ እቆማለሁ። ያኮረፈ ሰው ካልታየ ማን ይለምነዋል? ጋሼም አረንጓዴ ሆኖ የሚቆመው ለዚያ ነው ብዬ ደመደምኩ። ትንሽ ቢለምኑት ይታረቃል።

ጋሼ በሌላ ከተማ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ገጽ አቀናባሪ ነበር። ጣቶቹ ከቀለም ስለማይጠሩ እናቴ "ቀለሜ" ትለዋለች፤ ፕሮግራሙ ላይም ስሙን እንደዚያው ብሎ አስገባው። ኮምፒውተሩን ያመጣው እሱ ነው። ደንበኞቿ የሚያምራቸውን ቀሚስ በፎቶ እንዲያሳዩዋት ብሎ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተከለላት። የመደወያ ፕሮግራሙን ሲጭንም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር።

"እማዬ፣ ምንም መንካት የለብሽም" አላት። "ኮምፒውተሩ ሲነሳ እሱም አብሮ ይነሳል። እኔ ስራ ስገባ ደግሞ እዚች ጋ አረንጓዴ ትሆናለች። አረንጓዴ ከሆነች አለሁ ማለት ነው።"

እኔ ይህችን ይዤ ቀረሁ። የማተሚያ ቤቱንም ኮምፒውተር እንደዚሁ አድርጎ እንዳዘጋጀው ያኔ በምን ልወቅ? ጠዋት ቁልፉን የሚጫነው ማንም ይሁን፣ ማሽኑ ሲነሳ ፕሮግራሙ በወንድሜ ስም ይገባል፤ እኛ ቤት ያለችው ነጥብም ትበራለች። አባቴ ይህን ለእናቴ ደጋግሞ አስረድቷታል። "አውቃለሁ" ትለዋለች፣ ዓይኗን ከነጥቧ ሳታነሳ።

በደህናው ጊዜ ጋሼ የሚደውለው በምሳ ሰዓት ነበር፣ የማተሚያው ማሽን ጋብ ሲልለት። ከኋላው እስከ ጣሪያው የተቆለለ ወረቀት ይታያል፤ ከጎኑ ደግሞ ጠራዡ። ጠራዡ መጽሐፍ የሚያጣብቅና የሚሰፋ፣ ሁልጊዜ እጁን ሙጫ የነካው፣ የጋሼ የልብ ጓደኛ ነው። ማተሚያ ቤት ቀጠሮ እንደማያከብር የታወቀ ነው። ስራው ያልደረሰለት ደንበኛ ተቆጥቶ ሲመጣ ጋሼ ከወረቀቱ ክምር ኋላ ይገባል፤ ጠራዡም እጁን በሽርጡ እየጠረገ "አይ፣ አሁን ወጣ! ወረቀት ሊያመጣ ነው፣ ይመለሳል" ይላል። አንድ ቀን እኛ በካሜራው እያየን ይኸው ሆነ። ደንበኛው እየተራገመ ሲወጣ የጋሼ ጭንቅላት ከክምሩ በላይ ብቅ አለ፤ እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ውጣ በቃ፣ አይተንሃል!" አለችው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሰው ሲጠፋ "አሁን ወጣ፣ ወረቀት ሊያመጣ" መባባል ለመድን። እዚሁ ተደብቋል ማለታችን ነው።

በመሀል አክስቴ ቤት ተወስጄ ሰነበትኩ። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት፣ ቆጣ ቆጣ የምትል። ያን ሰሞን ግን የጠየቅኳትን ሁሉ ትሰጠኝ ነበር። ምን ነክቷት ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ ከረሜላ ያገኘ ልጅ ጥያቄ አያበዛም። ቤት ስመለስ እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ድምጿ ተዘግቶ ጠበቀችኝ። ጉንፋን ነው አሉኝ። ጎረቤቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ስገባ ራሴን ይደባብሱኛል። አስታራቂዎች መሆናቸው ነው አልኩ በሆዴ። እናም አንዷ "በቃሽ እንግዲህ፣ ቻይው" ስትላት "እውነቷን ነው እማዬ፣ በቃሽ" ብዬ ደገፍኳት። ሴትየዋ አፏን በእጇ ከድና ወጣች።

ጋሼ የሞተው ከስራ ወጥቶ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት ነው። "ልጅ ናት፣ ትምህርት ሲዘጋ እንነግራታለን" ተባብለው ነበር አሉ፤ ትምህርት ተዘጋ፣ ተከፈተም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኛ ቤት ውሸት ግን እያደር ከበደ፤ ማን ደፍሮ ያውርደው? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ ሳላውቅ ከረምኩ።

ኮምፒውተሩ መንቀራፈፍ ጀመረ። አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ምላሱ ከመቀሱ የሚፈጥን፣ ቤት ሲገባ ግን ቃል የሚያልቅበት ሰው። ከደንበኞቹ መካከል ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ሰፈሩ "ሐኪሙ" የሚለው ነበር። አንድ እሁድ ይዞት መጣ። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ሲመረምር ቆየ።

"ይኸውላችሁ በሽታው" አለ በመጨረሻ። "ይሄ የመደወያ ፕሮግራም ነው ጉልበቱን የሚጨርሰው። ያልተጠራ እንግዳ በሉት፤ ማሽኑ ሳይነሳ እሱ ማዕድ ቀርቧል። ደግሞም አርጅቷል። ማነው የሚጠቀምበት?"

አባቴ ዞሮ እናቴን አየ።

"ላውጣው ታዲያ?"

"አውጣው" አለ አባቴ።

"እንዳትነካው!" አለች እናቴ።

ሐኪሙ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። አክስቴም ነበረች፤ ያላለቁት ልብሶች የተቆለሉበት ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

"እህቴ፣ እስከ መቼ ነው?" አለች። "ይኸው የሰው ልብስ ተከምሮ። ሰርጓ የደረሰው ልጅ ትናንት አልቅሳ ነው የሄደችው። እህል አትቀምሺ፣ ሰው አታናግሪ። ቀኑን ሙሉ ይሄን ስታዪ ትውያለሽ። አንቺም ልትጠፊብን ነው?"

"እሱ ምን አደረገሽ?" አለች እናቴ። "አንዲት ጥግ ነው የያዘው። አይበላ፣ አይጠጣ። ምን አስቸገረሽ?"

"እሱ አይደለም እኮ!" አባቴ ጮኸ። አባቴ ቤት ውስጥ ሲጮህ የመጀመሪያው ነበር። "እሱ አይደለም፣ ስንቴ ልንገርሽ! ማሽን ነው!"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ይውጣ።"

"እሱ ከወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ" አለች። ሐኪሙ ቦርሳውን ይዞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ሄደ።

እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ ነገሩን አገላበጥኩት። አባቴና አክስቴ ጋሼን ጠልተውታል። እናቴ ብታኮርፈውም ትወደዋለች፤ ለዚያ ነው የተሟገተችለት። ሐኪሙ ተመልሶ መጥቶ ፕሮግራሙን ካወጣው ግን ጋሼ የሚቆምበት ቦታ ያጣል። ሊታረቀን ይመጣል፣ በር የለም፤ ተመልሶ ይሄዳል።  የሚያስታርቃቸው ካልተገኘ እኔው ራሴ ላስታርቃቸው አልኩ።

በማግስቱ ሰኞ ነው። በምሳ ሰዓት እናቴ ወጥ ቤት ሳህን ስታጥብ ገብቼ ወንበሯ ላይ ወጣሁ። ነጥቧ አረንጓዴ ናት። ጋሼ እንዳሳየኝ አድርጌ ተጫንኩት። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ማንም ላያነሳው ነው ስል ስክሪኑ ላይ ሰው ታየ። ጠራዡ ነው። ከስቷል፣ ጺሙም አድጓል። በጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ወደ እኔ ትክ ብሎ አየ።

"ሚጡ?"

"ጋሼን ጥራልኝ" አልኩት።

 ዞር ብሎ ኋላውን አየ። እዚያ የወረቀቱ ክምር እንደ ወትሮው ቆሟል።

"አሁን..." አለ፣ ሙጫ የነካው እጁን በሽርጡ እየጠረገ። "አሁን ወጣ። ወረቀት ሊያመጣ ነው። ይመለሳል።"

ጠራዡን ካደግኩ በኋላ አግኝቼዋለሁ፤ ሸብቷል፣ ጣቶቹ ግን አሁንም ሙጫ ናቸው። "ማታ ማታ ያ ቃል እየመጣ እንቅልፍ ነሳኝ" አለኝ። "ምን ብዬ ልንገርሽ? መሞቱን እንደማታውቂ ከፊትሽ ገባኝ። ሰው እሱን ፈልጎ ሲጠይቀኝ አፌ የለመደው ያንኑ ቃል ብቻ ነው።" ኮምፒውተሩን በየጠዋቱ የሚያበራው እሱ ነበር። የደንበኛው ስራ ሁሉ እዚያ ውስጥ ስላለ ማብራት ግድ ነው። እኛ ቤት አንዲት ነጥብ እንደምትበራ ግን አያውቅም ነበር።

እኔማ በደስታ ከወንበሩ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሩጫ ወደ ወጥ ቤት!

"እማዬ! ጋሼ አለ! ጠራዡን ስጠይቀው አሁን ወጣ፣ ወረቀት ሊያመጣ ነው አለኝ!"

እናቴ የያዘችውን ሳህን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

"ምን አለሽ?"

"አሁን ወጣ አለኝ!"

"ጠራዡ?"

"አዎ!"

"አሁን ወጣ አለሽ?"

ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ተከፈተ። ሌላ ቃል አላገኝለትም። ያን ሁሉ ጊዜ ያላየሁት ጥርሷ ታየ። እጇን ሳታደርቅ ሻሿን ከራሷ ላይ ሳበችው፤ በግድግዳው መስታወት እያየች ፀጉሯን በጣቶቿ አበጠረች፣ ጉንጮቿን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገች። አስታረቅኳቸው አልኩ። እንደዚያን ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

እናቴ አእምሮዋን አልሳተችም ነበር። ልጇን በገዛ እጇ አፈር አልብሳለች። የቤታችን ቀልድ ግን ለእሷ ከአፈሩ ይልቅ የቀረበ ነበር፤ ጠራዡ ወጣ ካለ ቀለሜ አለ። ያቺን ፈገግታ ዛሬ ሳስባት ትልቅ ሰው ሆኜ እንኳ ያስፈራኛል።

ራሷ ደወለች። ጠራዡ ወዲያው አነሳው። እሷን ሲያያት ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ።

"ልጄ፣ እስቲ ዞር በልልኝ" አለችው።

"እናቴ..."

"ትንሽ ዞር በል፣ ከልለኸኛል።"

ዞር አለ። ክምሩ ሙሉ በሙሉ ታየ። እናቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

"ቀለሜ" አለች፣ ሳቅ በተቀላቀለበት ድምፅ። "ውጣ በቃ። አይተንሃል።"

ከወዲያ የማተሚያው ማሽን ይንደቀደቃል። ማንም ብቅ አላለም።

"ቀለሜ!" ድምጿ ተቀየረ። ከዚያ ጠራዡን "ወረቀቱን አንሳው" አለችው።

ሰውየው እምቢ አላለም። አንድ ጥቅል አንስቶ ወደ ጎን አስቀመጠ። ሌላ አነሳ፣ ሌላም። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ወረቀቱ ከብዶት መሰለኝ። አንድ ሌላ ሰራተኛ መጥቶ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው፤ ዞር ብሎ እናቴን ሲያይ እሱም ዝም ብሎ ያግዘው ጀመር። ማሽኑ ቆመ። ክምሩ ዝቅ አለ፣ ግድግዳው ታየ፣ ከዚያም ወለሉ። ከክምሩ ኋላ አንዲት በርጩማ ነበረች። ላይዋ የተቀመጠ ሰው የለም።

"ሌላ ቦታ ነው የተደበቀው" አልኩ እኔ።

እናቴ በርጩማዋን ብዙ ጊዜ አየቻት። ጠራዡ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ቆሟል።

"ይበቃል፣ ልጄ" አለችው። "አደከምኩህ። ወረቀቱን ወደ ቦታው መልሱት።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ።"

"ምን አጠፋህ አንተ። በርታ። ስትሻገር መኪና እያየህ።"

ዘጋችውና ሻሿን መልሳ አሰረች። ከዚያ ለአባቴ ደውላ "ያንን ሰውዬ ይዘኸው ና" አለችው፤ ለአክስቴም ደወለች። ሁሉም መጡ። አባቴ የሰው ፀጉር የተበተነበትን ሽርጥ እንኳ አላወለቀም።

"እንዴት እንደሚወጣ አሳየኝ" አለችው ሐኪሙን። "ጨርሶ ነው የሚወጣው?"

"ጨርሶ ነው፣ እትዬ። ስሙም አይቀር።"

"እሺ።"

"ቆይ" አለ አባቴ።

ሁላችንም ዞርን። ይውጣ ብሎ የጮኸው እሱ ነበር።

"ዛሬውኑ ነው እንዴ?" አለ። "አሁን እኮ ብዙም አይንቀራፈፍም። ሰሞኑን ደህና ነው። ነገ... ወይ ሳምንት ብናየውስ?"

አክስቴ አፏን ከፍታ አየችው። እናቴ ግን ያልገረማት መሰለች፤ ድምጿ ለስላሳ ነበር።

"ዛሬ ከወረቀት ኋላ ፈለግኩት" አለችው። "ነገ የት እንደምፈልገው አላውቅም። ይቺም ልጅ ከእኔ ጋር ልትፈልገው ነው። ሁለታችንንም ልታጣን ነው።"

 እኔ ግን እምቢ አልኩ። ዘልዬ ኮምፒውተሩን በሁለት እጄ አቀፍኩት።

"አይወጣም! ሲመጣ በር ሊያጣ ነው! ሊታረቀን ነው እኮ የሚመጣው!"

እናቴ በጉልበቷ ተንበርክካ ፊቴን በእጆቿ ያዘች። እጆቿ የሳህን ማጠቢያ ሳሙና ይሸታሉ።

"ሚጣዬ፣ ስሚኝ። ጋሼ ሞቷል። መኪና ገጭቶት ነው የሞተው። እኔ ነኝ የቀበርኩት። አልነገርንሽም፣ አጥፍተናል።"

"ውሸትሽን ነው!" አልኳት። "አኩርፈሽው ነው እንደዚህ የምትይው!"

ከመካከላቸው የተቆጣኝ የለም። አክስቴ ከኮምፒውተሩ አላቅቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ክንዶቿ ውስጥ ሆኜ እየተራገጥኩ አየሁ። እናቴ ማውሱን ይዛለች። ማሽኑ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። ጥያቄውን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው፤ መልሳም አነበበችው። ተጫነችው። አረንጓዴዋ ነጥብ ከጋሼ ስም ጋር ጠፋች፤ የቀረው አንድ ኤሊ የመሰለ ደመና ያለበት የስክሪኑ ስዕል ብቻ ነው። እናቴ ሐኪሙን አመስግና ወደ መኝታ ቤት ገባች። ሁለት ትራስ አቅፋ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት፤ አክስቴ ጫማዋን አወለቀችላት።

እኔ ሁሉንም አኮረፍኳቸው። ጋሼን ግን አውቀዋለሁ፤ በር ቢዘጉበት በመስኮት ይገባል እንጂ አይቀርም። ጠዋት ያቺ የውሃ ድምፅ እንደምትሰማ፣ ሁሉም እንደሚያፍሩ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ በማግስቱ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተነስቼ በባዶ እግሬ ወደ ስፌቱ ክፍል ሄድኩ።

አባቴ ቀድሞኝ ነበር። ለስራ ለብሶ፣ ጃኬቱን ቆልፎ፣ ከኮምፒውተሩ ፊት ቆሟል። ማሽኑን አብርቶታል። ጀርባውን ስለሰጠኝ አላየኝም። ማተሚያ ቤቱ የሚከፈትበት ሰዓት ሲደርስ የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ስክሪኑን አየ፤ ጎንበስ ብሎ የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረው። ክፍሉ ውስጥ እሽሽሽ የሚል ባዶ ድምፅ ሞላ። ጠበቀ። እኔም ከኋላው ጠበቅኩ። ሰዓቱ አለፈ።

"ዛሬ አረፈድክ እኮ" አለ አባቴ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከዚያ የእናቴን ወንበር ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ከደረቱ የወጣው ድምፅ ከአባቴ የሚወጣ አልመሰለኝም። እናቴን እንዳይቀሰቅስ ይሆናል፣ የጃኬቱን እጅጌ አፉ ውስጥ ከቶ ነከሰው። ያኔ ነው የገባኝ። አባቴ የሚያኮርፍ ሰው አይደለም፤ ለተደበቀ ሰው ደግሞ እንደዚህ አይለቀስም። እናቴ እውነቷን ነበር።

አዘንኩለት። ለእኔ እናቴ ነግራኛለች፤ እሱ ግን እዚያ ብቻውን ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። ሄጄ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ትልቁን እጁን ያዝኩት። እናቴ እኔን እንደያዘችኝ ፊቱን በሁለት እጄ ወደ እኔ አዞርኩ።

"አባዬ" አልኩት ቀስ ብዬ፣ እንዳይደነግጥ። "ጋሼ እኮ ሞቷል።"

ማንም ያልነገረው መስሎኝ ነበር።